ኬስለር እየተባሉ የኖሩት የአቶ ሃርላን ቤቫን ዜና ሕይወት

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ጸሎት ቤት የተሰበሰባችሁ ዘመዶችና ወዳጆች፣ ከመካከላችሁ ግማሹ ሃርላን ቤቫንን፣ ግማሹ ደግሞ ሃርላን ኬስለርን ሊቀብር እንደመጣ ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ ታናሽ እህታቸው ኔስታ አስተውላለች። ከካሊፎርኒያ የመጡ አንድ እንግዳ በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም አንብበው የሌላ ሰው ቀብር ላይ የመጡ መስሏቸው ወደ መኪናቸው ሲመለሱ፣ የመንደራችን ሰዎች ተከትለው ጠርተዋቸው ነው የገቡት። እንግዳው አልተሳሳቱም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው፤ እንዴት የአንድ ሰው ሊሆኑ እንደቻሉ ሕይወታቸው ራሱ ስለሚናገር፣ ቤተሰቡ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትሰሙ ይለምናል።

አቶ ሃርላን ቤቫን ከአባታቸው ከአቶ ኢድሪስ ቤቫንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦልወን ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1934 በጸደይ ወራት እዚሁ ግሌንሞር፣ ከቆርቆሮ ፋብሪካው ጀርባ ባሉት መደዳ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። አባታቸው ገና በጉርምስናቸው ከዌልስ ወደ ኦሃዮ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋለ ብረት እየዳመጡ ቆርቆሮ ሲያደርጉ የኖሩ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አሁን በተቀመጥንበት በዚህ ቤት በወፍራም ድምፃቸው መዝሙር የሚመሩ ሰው ሲሆኑ፣ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ሀብት ድምፃቸውና ስማቸው ብቻ እንደሆነ ዘወትር ይናገሩ ነበር። ቤቫን ማለት በአባቶቻቸው ቋንቋ የኢቫን ልጅ ማለት መሆኑን ከእሳቸው ያልሰማ የግሌንሞር ሰው አይገኝም፤ ለፖስተኛው ነግረዋል፤ ለጥርስ ሐኪሙ አፋቸው ውስጥ መሣሪያ እያለ ሳይቀር ነግረዋል፤ አዲስ ፓስተር በመጣ ቁጥርም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚከተለው ይኸው ነበር። ልጆቻቸው ፊደል ቆጥረው ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን የጻፉ ዕለት አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ «ስምህን ስትጽፍ እኔንም፣ አባቴንም እየጻፍክ ነው፤ አስተካክለህ ጻፍ» ይሉ እንደነበር እህታቸው ታስታውሳለች።

አቶ ሃርላን በልጅነታቸው ዝምተኛና ሰው አጥብቀው የሚመለከቱ ነበሩ። ፊታቸው ከዕድሜያቸው ቀድሞ ያረጀ፣ ግንባራቸው ገና በልጅነት የተሸበሸበ ስለነበር፣ እናታቸው ወይዘሮ ኦልወን «ይህ ልጅ ሲፈጠርም አንድ ነገር አሳስቦታል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። የፓስተሩን ሳል፣ የሥጋ ሻጩን አነጋገር፣ የፋብሪካው አለቃ እጁን ኋላው አጣምሮ የሚሄደውን አካሄድ እራት ላይ ሲያሳዩ አባታቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ሾርባቸው ላይ ያጎነብሱ ነበር። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ቴአትር ሲታይ የአያትነት ሚና ሁሉ ለእሳቸው ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ አፍቃሪ ሆነው እንዲጫወቱ ግን አንድም ቀን ያሰባቸው አልተገኘም። ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ጀርመን አገር በሰፈረው ጦራችን ውስጥ በወጥ ቤት ሠራተኛነት አገልግለው ከተመለሱ በኋላ ከአባታቸው ጎን በፋብሪካው ጥቂት ዘመን ሠርተዋል፤ ነገር ግን ልባቸው ከዚያ እንዳልነበረ አባታቸው ከማንም በፊት ያወቁ ይመስላል። ወደ ካሊፎርኒያ ሄጄ ተዋናይ እሆናለሁ ባሉ ጊዜ እናታቸው ሲያለቅሱ አቶ ኢድሪስ ግን ቆባቸውን አንስተው መልሰው እየደፉ፣ «ሂድ እንግዲህ። ስማችንን ግን የትም ጥለህ እንዳትመጣ» ብለው አሰናበቷቸው።

ሎስ አንጀለስ ከደረሱ በኋላ መኪና እያጠቡና የሰው ዕቃ እየተሸከሙ ሲሠሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ በአንድ ፊልም ውስጥ ሻንጣ ይዞ ለመጣ መሪ ተዋናይ «ክፍል የለንም» ብሎ የሚመልስ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆነው እንዲጫወቱ ተመረጡ። አፍ አውጥቶ የሚናገር ሁሉ የተዋንያን ማኅበሩ አባል መሆን ነበረበትና በዚያው ዕለት ጠዋት ለመመዝገብ ወደ ማኅበሩ ቢሄዱ፣ በመስኮቱ ያሉት ሴት ካርዶቻቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «የኔ ወንድም፣ ሃርላን ቤቫን የሚባል አባል አለን፤ ሌላ ሃርላን ቤቫን አንመዘግብም» አሏቸው። በዚያ ሙያ ሁለት ሰው በአንድ ስም አይጠራም፤ ቀድሞ የተመዘገበው ስሙን ይይዛል፣ በኋላ የመጣው ይለውጣል። አቶ ሃርላን «የአባቴ ስም እኮ ነው» ቢሉ፣ «የእሳቸውም የአባታቸው ስም ነው፤ ከኋላዎ ሰው ቆሟል፣ ቶሎ ይበሉ» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ቀረጻው ከምሳ በኋላ ስለነበር ጭንቅ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ አሻግረው ሲመለከቱ ከመንገዱ ማዶ «ኬስለር የፍራሽ መደብር» የሚል ሰሌዳ አዩና ያንኑ ተናገሩ። ለአንድ ቀን ብቻ የያዙት መስሏቸው ነበር። እነሆ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ ውቅያኖስ የተሻገረ ስም በፍራሽ ነጋዴ ስም ተለወጠ፤ የግሌንሞር ሰው ይህን ሲሰማ ሳቀ፣ እኛ ቤት ግን የሳቀ አልነበረም።

አቶ ሃርላን ነገሩን ለአባታቸው በደብዳቤ ለመንገር ብዙ ጊዜ ሞክረው ቃል እያጠራቸው ሲተዉት፣ ፊልሙ ቀድሟቸው ወደ ከተማችን ደረሰ። በዚያ ቅዳሜ ቤተሰቡ የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ የመዘምራን ጓዱም አንድ መደዳ ወንበር ይዞ በኮሎኒያል ሲኒማ ተቀመጠ። አቶ ሃርላን ከባንኮኒው ኋላ ብቅ ብለው «ክፍል የለንም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከመዘምራኑ አንዱ «ኧረ ቤታችሁ አምጡት፣ ክፍል አለ በሉት» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። አቶ ኢድሪስ ግን የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነበር። ፊልሙ አልቆ የተዋንያኑ ስም ሲወርድ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመው አነበቡ፤ ከእንግዳ ተቀባዩ ትይዩ ሃርላን ኬስለር የሚል አዩ። በማግሥቱ ስልክ ደውለው፣ «ኬስለር ማነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው የማኅበሩን ሕግ እያብራሩ ሲያስረዱ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ቤቫን ማለት የኢቫን ልጅ ማለት ነው። ኬስለር የማን ልጅ ነው?» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ስልኩን ዘጉ። አቶ ሃርላን ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ያቺን ጥያቄ ይዘው እንደዞሩ ለእህታቸው አልደበቁም።

ከዚያ ወዲያ አቶ ሃርላን ሥራ አልፈቱም። ዳኛ ሆነዋል፣ ባቡር ነጂ ሆነዋል፣ ቀባሪ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሰካራም አጎት፣ ፈሪ የፖሊስ ምክትልና ብድር የሚከለክል የባንክ ሰው ሆነዋል። መሪ ተዋናይ ሆነው አያውቁም፤ መሪ ተዋናዩ በር ከፍቶ ሲገባ እዚያ የሚያገኘው ሰው ግን እሳቸው ነበሩ። ለአንድ አጭር ትዕይንት መጠጥ ቀጂ የሆኑ እንደሆነ አስቀድመው ከእውነተኛ መጠጥ ቤት ገብተው ብርጭቆ ሲያጥቡ ይውላሉ፤ የሚጫወቱት ሰው ያን ጠዋት ምን እንደበላና ከማን ጋር እንደተጣላ ሳያውቁም ካሜራ ፊት አይቆሙም ነበር። አንድ ወጣት ዳይሬክተር «አቶ ኬስለር፣ እርስዎ እኮ በሩን ብቻ ነው የሚከፍቱት» ቢላቸው፣ «አዎ፣ ግን የማን በር እንደሆነ አልነገርከኝም» ብለው መመለሳቸውን ዛሬ እዚህ የተገኙት የሙያ ባልደረቦቻቸው ደጋግመው ያነሡታል። ፊታቸውን ሁሉ ያውቀዋል፣ ስማቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በገበያ አዳራሽ አንዲት ሴት ክንዳቸውን ይዘው «መኪናዬን አበላሽተህ መልሰህልኛል» ብለው ቢቆጧቸው፣ ከአንድ ፊልም ላይ መካኒክ ሆነው ያዩዋቸው መሆኑ ገብቷቸው ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቀዋል።

ከሁሉ የሚበዛው ግን መሞታቸው ነበር። በጥይት ሞተዋል፣ ሰምጠዋል፣ ከፈረስ ወድቀዋል፣ አንድ ጊዜም በራሳቸው ሾርባ ተመርዘዋል። ወይዘሮ ኦልወን መጀመሪያ መጀመሪያ ያለቅሱ ነበር፤ በኋላ ግን ለምደው «የዛሬው ቶሎ ነው የሞተ» እያሉ ከሲኒማው ለመውጣት ካፖርታቸውን ይደርቡ ነበር። በፋብሪካው የአቶ ኢድሪስ ባልደረቦች «ኢድሪስ፣ ልጅህ ትናንት ደግሞ ሞተ፤ ለቅሶ እንድረስ ወይ?» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ እሳቸው ፊታቸውን ሳይመልሱ «የኔ ልጅ አይደለም፤ ኬስለር የሚባል ሰው ነው» ይሉ ነበር። ይህ ወሬ እየዞረ ካሊፎርኒያ ደርሷል። የአቶ ሃርላንን አንጀት ያቃጠለ ነገርም ከዚህ በላይ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 አቶ ሃርላን ከወይዘሮ ኮንሱዌሎ ባራዛ ጋር ትዳር መሠረቱ። ወይዘሮ ኮንሱዌሎ በአንድ ፊልም ሠሪ ድርጅት ልብስ ሰፊ ሲሆኑ፣ የሚሞቱ ሰዎች ሸሚዝ ላይ ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ አስቀድሞ ማዘጋጀት የእሳቸው ሥራ ነበርና የተዋወቁትም በዚሁ ነው። «ሰው ሁሉ አንተን ደረትህ ላይ ብቻ ነው የሚመታህ፤ ሸሚዝ አስጨረስከኝ» አሏቸው አንድ ቀን። አቶ ሃርላንም «ታዲያ አንቺ ካላዘንሽልኝ ማን ሊያዝንልኝ ነው?» ብለው እራት ጋበዟቸው። በትዳር ዘመናቸው አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ስሙን ኢቫን አሉት፤ በወረቀትም በሕግም ኢቫን ቤቫን ነው። ስሙ ቤት መምታቱ የትምህርት ቤት ልጆች መሳለቂያ አድርጎት እንዳደገ ራሱ ኢቫን ያውቃል። አያቱ ግን የክርስትናውን ፎቶግራፍ ከጀርባው ካለው ጽሑፍ ጋር ሲያዩ ስቀው፣ መልሰው ስቀው፣ ፎቶውን ከምድጃው በላይ ሰቀሉት። የልጅ ልጃቸውን እየወደዱ፣ ከልጃቸውም ጋር ስለ አየሩና ስለ ቤዝቦል በስልክ እየተነጋገሩ ዓመታት ሲያልፉ ኬስለር የሚለውን ስም ግን ለልጃቸው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

እዚህ ላይ የግሌንሞር ሰው የማያውቀው የፊልም ሰዎች ልማድ አለ። አንድ ተዋናይ በአንድ ፊልም የመጨረሻ ትዕይንቱን ቀርጾ ሲጨርስ፣ ሚናው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ረዳት ዳይሬክተሩ ሥራውን ሁሉ አስቁሞ የሰውየውን ስም በሙሉ ጠርቶ ሥራውን መጨረሱን ያውጃል፤ መብራት የያዘውም፣ ገመድ የሚስበውም፣ ምግብ የሚያቀርበውም እጁ ያለውን አስቀምጦ ያጨበጭባል። ተዋናይ ከዚህ በላይ ደስታ የለውም ይባላል። አቶ ሃርላን ግን ያን ጭብጨባ ቆመው ተቀብለው አያውቁም። የመጨረሻው ትዕይንት ተቀርጾ «ጥሩ ነው» ሲባል፣ ረዳት ዳይሬክተሩ አፉን ሳይከፍት ሹልክ ብለው ይወጣሉ። በረዳት ዳይሬክተርነት ብዙ ፊልም አብረዋቸው የሠሩትና ዛሬ ከእኛ ጋር ያሉት አቶ ለስተር ኦይለር አንድ ጊዜ በሩን በተላላኪ አስዘግተው ቢጠብቋቸው፣ በመጸዳጃ ቤቱ መስኮት እንደወጡ ነግረውናል። ሰዉ ትሕትና ይመስለው ነበር። ለባለቤታቸው ግን «የፍራሽ ቤቱ ሰውዬ ይጨብጨብለት እንጂ እኔ ምን አገባኝ» ይሏቸው ነበር።

ስሙን ይዞ የቆየውን ሌላውን ሃርላን ቤቫንን ያገኙት በአንድ የገጠር ፊልም ቀረጻ ላይ ነው። ሽማግሌው ቄስ፣ እሳቸው ደግሞ እንደ ወትሮው የሚቀበረው ሰው ሆነው ሳለ፣ አንድ ሰው ከሩቅ «ቤቫን!» ብሎ ሲጣራ ቄሱም ዞሩ፣ ሬሳውም ከሣጥኑ ውስጥ ቀና አለ። «አንተ ነህ ስሜን ይዘህ የምትዞረው?» አሉ ሽማግሌው። «ኧረ እርስዎ ነዎት የኔን ይዘው ያስቀሩብኝ» አሉ አቶ ሃርላን። በዚያ የጀመረው ወዳጅነት ለብዙ ዓመት ዘለቀ፤ ሽማግሌው በተገናኙ ቁጥር «ትንሽ ታገሠኝ ልጄ፣ ለቅቄልህ እሄዳለሁ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በእርግጥም ለቅቀው ሄዱ። አቶ ሃርላን ቀብራቸው ላይ ቆመው የገዛ ራሳቸው ስም በሐዘን ሲነበብ ሰምተው አልቅሰዋል፤ ለወዳጃቸው ይሁን ለራሳቸው ለይተው እንዳላወቁት ተናግረዋል።

ከዚያ ሳይቆዩ ወደ ማኅበሩ ሄደው የአባታቸውን ስም ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ወኪላቸው «አብደሃል? ሥራ የሚሰጥህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኬስለርን ነው፤ ቤቫንን ማን ይጠራዋል?» ብለው ቢሟገቷቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ደግ የመፍቻና የምስማር ነጋዴ ሆነው ሠሩ፤ እንደ ተአምር ሆኖ በዚያ ፊልም አልሞቱም። ፊልሙ ግሌንሞር እንደሚደርስ ሲሰሙ ለእህታቸው ደውለው፣ «አባባን ውሰጂልኝ። የተዋንያኑ ስም ወርዶ እስኪያልቅ አስቀምጪው፤ ምንም አትንገሪው፣ ራሱ ያንብበው» አሏት። አቶ ኢድሪስ በዚያን ጊዜ በጡረታ ላይ ያሉ፣ ወይዘሮ ኦልወንን የቀበሩ፣ የፋብሪካው አቧራ ሳንባቸውን የጎዳው አዛውንት ነበሩ። በልጃቸው በኔስታ ክንድ ተደግፈው የሲኒማውን ደረጃ ሁለት ጊዜ አርፈው ወጡና ተቀመጡ።

ፊልሙ ተጀመረ። ነጋዴው በወጣ በገባ ቁጥር መዳፋቸው በጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። አልቆ ሰው ሲነሣ እሳቸው አልተነሡም፤ ነይ እንሂድ ይላሉ ተብሎ ሲጠበቅ ይልቁንም ወደፊት አጎንብሰው ዓይናቸውን አጥብበው ማንበብ ጀመሩ። የስሙ ዝርዝር ወርዶ መብራቱ ሲበራ ወደ ኔስታ ዘወር ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «የለም» አሏት። «ልጁን አወጡት። ኬስለርን ሳይጽፉት ቀሩ።»

እህታቸው ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። አቶ ኢድሪስ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር ሳትቀር፣ ፀጉር ቤት ደርሼ ልምጣ እያሉ ከቤት የሚወጡት የልጃቸው ፊልም ከተማ በገባ ቁጥር ኖሯል። ብቻቸውን ኋላ ተቀምጠው፣ ኬ የምትባለዋን ፊደል ከሩቅ መለየት ተምረው፣ ያን ስም ካላዩ ከአዳራሹ አይወጡም ነበር። ትኬት ቆራጯ ታውቅ ነበር፤ ሌላ ያወቀ አልነበረም። እህታቸው «አባባ፣ ተጽፎ ነበር እኮ። ቤቫን ብሎ ነው የተጻፈው። ሃርላን ቤቫን» ብትላቸው፣ አቶ ኢድሪስ ወደ ባዶው መጋረጃ እያዩ «እዚያ ጋ አላየሁም» አሏት። «እኔ ኬስለርን ነበር የምፈልገው።» ያ ፊልሙ በከተማችን የታየበት የመጨረሻው ምሽት ነበር፤ በማግሥቱ ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል።

ቤት እንደገቡ ስልክ ይደወልልኝ አሉ። አቶ ሃርላን በዚያኛው ጫፍ ለሃያ አምስት ዓመት የጠበቁትን ቃል ሊሰሙ መነጋገሪያውን ሲያነሡ የሰሙት ይህን ነበር፦ «ሃርላን፣ ስማችንን መልሰሃል አሉኝ። እኔ ግን አላየሁትም፤ ዓይኔ ኬስለርን ሲጠብቅ አመለጠኝ። ለምጄዋለሁ መሰለኝ። ስማ፣ ሰውየውን አትጣለው። አንተን ያየሁህ በእሱ ነው።» ወይዘሮ ኮንሱዌሎ እንደነገሩን ባለቤታቸው ስልኩ ከተዘጋም በኋላ መነጋገሪያውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ለገና መጥተው አባታቸውን ሊያዩ ትኬት ቆርጠው ነበር፤ የበረዶ ማዕበሉ አውሮፕላኖቹን አገደ፤ መንገዱ ሲከፈት ግን አቶ ኢድሪስ አልነበሩም። አቶ ሃርላን የደረሱት ለቀብር ነው። ተመልሰው ሄደውም በማኅበሩ መስኮት ኬስለር በሉኝ አሉ፤ ሴትዮዋ ተቀይረው ሌላ ወጣት ተቀምጣ ነበርና «ጌታዬ፣ ይወስኑ እንጂ» ብላቸዋለች። በዓለም ላይ ሃርላን ቤቫን የሚል ስማቸው የሚገኝበት ያ አንድ ፊልም ብቻ ነው። አባታቸውም አላዩትም። ይህን መናገር እስከ ዛሬ ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ አቶ ሃርላን ብዙ ሠርተዋል፤ ስለ ሥራቸው የሚያትት ሰው ስለማይጠፋ እህታቸው አታስረዝመውም። ወይዘሮ ኮንሱዌሎን እ.ኤ.አ. በ2009 በሞት ተነጠቁ፤ ከዚያም የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ጀመራቸው። ሕመሙ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንም ያዘ። አገር የሚያውቀው ያ ሽብሽብ ፊት ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ ሲደሰቱም ሲያዝኑም አንድ ዓይነት ሆነ። «አሁን ገና የኮከብ ፊት አገኘሁ፤ ምንም አይንቀሳቀስም» ብለው ቀለዱ፤ የሚስቁ መሆናቸው የሚታወቀው ግን በዓይናቸው ብቻ ነበር። እህታቸው ልትጠይቃቸው በሄደች ጊዜ አንድ አሮጌ ፊልማቸው በቴሌቪዥን እየታየ አግኝታቸው አብራ ብትቀመጥ፣ ያ ወጣት ሰው ጥይት ተመትቶ ሲወድቅ አየት አድርገዋት፣ ሕመሙ ባደከመው ድምፃቸው «እናታችን ካፖርቷን ትደርብ ነበር» አሏት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2017 በካሊፎርኒያ፣ ቡርባንክ ውስጥ በቤታቸው፣ ልጃቸው ኢቫን እጃቸውን ይዞ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። በዚህ ጊዜ ማንም «እንደገና እንቅረጸው» አላለም።

በአባቴ ጎን ቅበሩኝ ብለው ነበርና እዚሁ አምጥተናቸዋል። በድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ስም ግን ሳይናገሩ ሄዱ። ልጃቸው ኢቫን «ቤቫን ይጻፍ» አለ፤ እህታቸው ደግሞ አባታቸው በዚያ ስልክ ያሉትን አስታወሰች። ተነጋግረው ሁለቱንም አጽፈዋል፤ ከላይ ቤቫን፣ ከሥሩ ኬስለር። ከጎን ያረፉት አባት ዓይናቸው በየትኛው ላይ ቢያርፍ ልጃቸውን እንዲያገኙ ነው።

አቶ ሃርላን ልጃቸውን ኢቫንን፣ የኢቫንን ባለቤት ወይዘሮ ሎሬንን፣ ኦልወንና ማቴዎ የተባሉ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን ኔስታን፣ በግሌንሞርና በካሊፎርኒያም ዘርዝረን የማንጨርሳቸውን ወዳጆችና የሙያ ልጆች ትተው ሄደዋል። ለመላው ቤተሰባቸውና ለሚወዷቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

አሁን አንድ የቀረ ነገር አለ። አቶ ለስተር ኦይለር ሆይ፣ ጉልበትዎ እንደሚያስቸግርዎ እናውቃለን፣ ቢሆንም እባክዎ ይነሡ። በሙያችሁ ወግ የሰውየውን ስም በሙሉ ይጥሩልንና ሥራቸውን መጨረሳቸውን ያውጁ፤ ሁለቱንም ስም ይጥሩ። እናንተም የግሌንሞር ሰዎች፣ በጸሎት ቤት አይጨበጨብም ብላችሁ እንዳታፍሩ፤ ፓስተሩ ፈቅደዋል፤ ወንድሜ ከእንግዲህ ሹልክ ብለው የሚወጡበት በር የላቸውም፤ እጃችሁ እስኪደክም አጨብጭቡላቸው። ሁላችንን በስማችን የሚያውቀን እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን ከአባታቸውና ከእናታቸው ጎን በሰላም ያሳርፍልን። ቤቫን ብሎ ቢጠራቸውም ኬስለር ብሎ ቢጠራቸውም፣ አቤት ይላሉ። አሜን።